ለእኔ የተቆረጠው ክሊፕ

ክሊፕ እንደ እኔ የሚያነብ ሰው ካለ ይምጣና አፌን ይዝጋ። ሌላው ሰው ክሊፕ ሲያይ ዘፋኙን ነው የሚያየው። እኔ የማየው ካሜራው የት እንደቆመ፣ መብራቱ ከየት እንደመጣ፣ ሥዕሉ የት ላይ እንደተቆረጠና ለምን እንደተቆረጠ ነው። ልጅቷ በር ስትከፍት ፀጉሯ ደረቅ ሆኖ፣ ገብታ ስትቀመጥ እርጥብ ከሆነ ቤቱን በጩኸት የማናውጠው እኔ ነኝ። «አቁሙት! መልሱት! አያችሁ?» ስለምል ሠፈርተኛው ሁሉ «ሪሞት» ይለኛል። ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ ተውኩት እንጂ ዓይኔ ዩኒቨርሲቲ ጨርሷል። እኔን በሥዕል የሚሸውድ ሰው ገና አልተወለደም።

የምሠራው ክሊፕ የሚቀረጽበት ቤት ውስጥ ነው። ሥራዬ ሪፍሌክተር መያዝ ነው። ባንድ ወገኑ ብር የሚመስል ትልቅ ክብ ሸራ ነው፤ ብርሃኑን ተቀብሎ ወደ ሰው ፊት ይመልሳል። ቀላል ይመስላል አይደል? ክንዳችሁ እስኪዝል ይዛችሁት ቁሙና እንተያያለን። እህቴ ደግሞ እዚያው ዳንሰኛ ናት። እናታችን ካረፈች ወዲህ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ «እታለም» ነው የምላት። የምንተኛውም አንድ አልጋ ላይ ነው።

ያን ጠዋት አብረን ስንደርስ የግቢው በር ገርበብ ብሏል።

«አባባ ዛሬ በር ክፍት አሳደሩ እንዴ?» አለች እህቴ።

አባባ ዘበኛችን ናቸው። ዝንብ እንኳ ማን እንደላካት ሳይጠይቁ አያስገቡም።

ገባን። አባባ ከደረጃው ግርጌ በጎናቸው ወድቀዋል። ከጭንቅላታቸው ሥር ያለው ደም ደርቋል፤ አንድ ጫማቸው ደረጃው መሐል ቀርቷል። እህቴ ጮኸች። እኔ አፈ ጮሌዋ ድምፄ ጠፋ። እጃቸውን ስይዘው ቀዝቅዟል፤ ግን ይተነፍሳሉ።

ሰው ተሯሩጦ ሐኪም ቤት ከወሰዳቸው በኋላ ነው ወደ ላይ የወጣሁት። የኤዲት ክፍሉ በር ወለል ብሏል። የጠረጴዛው መሳቢያ ተስቦ ቀርቷል። ዲስኳ የለችም! መዳፍ የምታህል ጥቁር ዲስክ ናት፤ ትናንት ቀኑን ሙሉ የቀረጽነው ክሊፕ ያለው እሷ ላይ ብቻ ነው። ካሜራው ውስጥ ያለው ወደ እሷ ከተገለበጠ በኋላ ይጠረጋል፤ ደንባችን ነው።

ብዙም ሳይቆይ ጋሽ ቁረጥ መጣ። አለቃችን ነው፤ የሚቀርጸውም ኤዲት የሚያደርገውም እሱ ነው። ስሙን ያገኘው «ቁረጥ!» ብሎ ሲጮህ ጎረቤት ድረስ ስለሚሰማ ነው። እኔ በር ላይ ተለጥፌ ቀረጻ ሳይ፣ ሌላው «ሂጂ ከዚህ!» ሲለኝ፣ እጄን ይዞ ያስገባኝ እሱ ነው። ከካሜራው አጠገብ አቁሞ ያስተማረኝም እሱ ነው። «ስሚ ሪሞት፤ ሰውዬ ወደ ጎን ሲያይ አሳዪ። ቁረጪ። ዳቦ አሳዪ። ተመልካቹ ‹ርቦታል› ይላል። ያንኑ ፊት አሳዪ። ቁረጪ። የሬሣ ሣጥን አሳዪ። ‹ውይ፣ ሐዘኑ!› ይላል። ሰውዬው እኮ ምንም አላየም! ሁለት ሥዕል ጎን ለጎን ካስቀመጥሽለት፣ ተመልካች ራሱን በራሱ ይዋሻል።» አባቴን በፎቶ እንኳ አላውቀውም። አባት ምረጪ ብባል ግን ዓይኔን ሳላሽ እሱን ነበር።

መሳቢያውን ሲያይ ወለሉ ላይ ዘጭ አለ።

«አለቀልኝ» አለ። «ሪሞት፣ አለቀልኝ።»

አጠገቡ ቁጭ ብዬ አብሬው አለቀስኩ።

*

የመጣችው ኢንስፔክተር ጠፍጣፋ ጫማ ያደረገች፣ ከረሜላ ከጉንጯ የማይጠፋ አጭር ሴት ናት። ጥቁር መነጽር የላት፣ ረጅም ካፖርት የላት። ሳያት ደበረችኝ።

«ሪሞት የሚሉሽ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ። ክሊፕ ነክ ጥያቄ ካለዎት እኔን ነው መጠየቅ ያለብዎት።»

«ማዕረጌን ከትከሻዬ ነቅዬ ልስጥሽ ወይስ ቆይተሽ ትወስጃለሽ?»

ሳቄ መጣ። ትንሽ ወደድኳት።

«በይ ንገሪኝ። ትናንት ምን ቀረጻችሁ?»

ነገርኳት። ክሊፑ የተጣሉ ባልና ሚስት ታሪክ ነው። ባልየው ዘፋኙ፣ ሚስቲቱ እህቴ። ሚስቲቱ ጌጧን አንስታ ከቤት ትጠፋለች፤ መጨረሻ ላይ ጣራ ላይ ይገናኙና ቀይ ሻርፗ በነፋስ እየተንሳፈፈ ባጠገቡ ታልፋለች። እሱ ይዘፍናል፤ ሁሉ ነገር እንደ ሕልም ቀስ፣ ቀስ። የክሊፑ ልብ ይሄ ቦታ ነው።

«ሰው እንዴት ቀስ ብሎ ይዘፍናል?» አለችኝ።

ይሄኔ ደረቴ ተነፋ። «እሱ ነው እኮ ሙያው! ሲቀረጽ ዘፈኑ በእጥፍ ፈጥኖ ይከፈታል። ዘፋኙ እየተጣደፈ አፉን ያንቀሳቅሳል። በኋላ ኤዲት ላይ ሥዕሉ በግማሽ ሲዘገይ፣ አፉ ከትክክለኛው ዘፈን ጋር ልክ ይገጥማል፤ ሻርፑ ብቻ ይንሳፈፋል። ዘፈኑ ሲፈጥንማ አይጥ ሠርግ ላይ የምትዘፍን ነው የሚመስለው። ያለፈውን ክሊፕ ስንቀርጽ በሳቅ ልንሞት ነበር።»

«ጉድ ነው» አለች ኢንስፔክተሯ። «እኔ ደግሞ እውነት ቀስ ብለው የሚራመዱ ይመስለኝ ነበር። የተጣላ ሰውስ ነበር?»

«ዘፋኙና ጋሽ ቁረጥ። ዘፋኙ ‹ሥራህን ካልወደድኩት ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ፤ ባለፈውም አበላሽተሃል› አለው። ሰው ፊት! እሱን ይያዙት፤ እሱ ነው።»

«እሺ፣ እይዘዋለሁ። ከዚያስ በኋላ ታርቀው ነበር?»

«ጣራው ላይማ ሁሉም ረስቶት ነበር። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል፣ ነፋሱ እንዳዘዝነው ሲመጣ፣ አባባ ሳይቀሩ ወጥተው ሁላችንም ከዘፋኙ ጋር አብረን ስንዘፍን... እኔ ሪፍሌክተሬን እንደያዝኩ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ነው የዘፈንኩት። እንደዚያ ያለ ቀን አይቼ አላውቅም።»

ኢንስፔክተሯ ከረሜላዋን ከአንዱ ጉንጯ ወደ ሌላው አዛወረች።

*

ዘፋኙ ቤት ውስጥም መነጽሩን አያወልቅም። ሲጠየቅ እኔ ሻይ ለማቅረብ በሚል ሰበብ ገባሁ ወጣሁ፤ ሻዩ ግን አንድ ብርጭቆ ብቻ ነበር።

«ማታ ሬዲዮ ላይ ነበርኩ፤ በቀጥታ!» አለ። «አገር ሰምቶኛል። ሳል ይዞኝ እንኳ ሳስል ተሰምቷል።»

«ሰምቼዎታለሁ» አለች ኢንስፔክተሯ። «ማር ይጠጡበት።»

«ደግሞስ የራሴን ፊት ለምን እሰርቃለሁ?»

«የጠፋው ፊትዎ አይደለም፤ ዲስክ ነው።»

እኔ በሆዴ «ሰው ልኮ ቢሆንስ?» አልኩ። እሷ ግን ለቀቀችው። ጋሽ ቁረጥንም ጠየቀችው፤ ዕቃ ጠቅልለን እንደጨረስን እናቱ ቤት ሄዶ እዚያው ማደሩን ተናገረ። እናቱም ስልክ ላይ «ልጄ እኔ ጋ ነበር» አሉ። እኒያ እናት ልጃቸው ጨረቃ ላይ ቢያድር እንኳ «እኔ ጋ ነበር» ይላሉ። ያኔ ግን ይሄ አልታየኝም። ማን ጋሽ ቁረጥን ይጠረጥራል?

እህቴን ስትጠይቃት ነው ነገሩ የከበደኝ። እታለም «እዚህ አይሆንም» ብላ ኢንስፔክተሯን ግቢ አወጣቻት። በመስኮት አየኋቸው። እህቴ ታወራለች፤ ኢንስፔክተሯ ትሰማለች። መሐል ላይ እህቴ ቀና ብላ እኔ ያለሁበትን መስኮት አየችና ጀርባዋን አዞረች።

ስትመለስ ያዝኳት።

«ምን አልሻት?»

«ምንም።»

«ትናንት ማታ የት ነበርሽ? እንቅልፍ እስኪወስደኝ አልመጣሽም።»

«ዕቃ ስንጠቀልል ቆየን።»

«እታለም! የጠቀለልኩት እኮ እኔ ነኝ። አንቺ ከእኔ ቀድመሽ ወጣሽ።»

«ሪሞት፣ ተይኝ እስቲ» ብላ ወደ መልበሻ ክፍል ገባች።

አንድ ብርድ ልብስ እየተጓተትን ያደግን እህቴ ዓይኔን እያየች ዋሸችኝ።

*

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ቁረጥ ለኢንስፔክተሯ ፍላሽ ሰጣት። ሲቀረጽ ሁሌም ስልኩን ካሜራው ጎን ላይ አስሮ፣ ሲያርፍ ደግሞ በእጁ ይዞ የሥራውን ግርግር ያነሳል፤ ለማስታወቂያ ነው።

«የቀረኝ ይሄ ብቻ ነው» አለ። ድምፁ ተሰብሯል። «ዝም ብዬ ሳገላብጠው... እኔ ምንም አልልም። እርስዎ ይዩት።»

«እንዳነሱት ነው ያለው?»

«ትንሽ ቆራርጬ አገጣጥሜዋለሁ እንጂ አልነካሁትም።»

ኢንስፔክተሯ እኔን ጠራችኝ። «ነይ እስቲ፣ ባለሙያዋ።»

አየሁት። ላይኛው ክፍል፣ ዕቃ ስንጠቀልል። የጋሽ ቁረጥ እጅ ዲስኳን መሳቢያ ውስጥ ሲያስቀምጥ። ከዚያ እህቴ በር ላይ ቆማ ወደ ጎን ስታይ። ከዚያ አንድ እጅ መሳቢያ ውስጥ ገብቶ ጥቁር ነገር ይዞ ሲወጣ፤ የሚታየው ከአንጓው እስከ ጣቶቹና የጥቁሩ ነገር ጠርዝ ብቻ ነው። አለቀ።

«አቁሙት! መልሱት!» አልኩ።

የሆነ ሙቀት ወደ ጭንቅላቴ ወጣ። ፖሊስ ፊት፣ ጋሽ ቁረጥ ፊት፣ ዘፋኙ ሳይቀር በር ላይ ቆሞ።

«ይኸውላችሁ» አልኩ። «እዚህ ጋ ዓይኗ ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል። ስትቆርጡ እጁም የሚገባው ከቀኝ ወደ ግራ ነው። አቅጣጫው አንድ ነው፤ ስለዚህ ያየችውና እጁ ያነሳው አንድ ነገር ነው። ደግሞ ስታይ ካሜራው ይጠጋታል። ካሜራ ወደ ሰው ፊት የሚጠጋው ሰውዬው ሊወስን ሲል ነው። አየች፣ ወሰነች፣ አነሳች። ሦስት ሾት፣ አንድ ታሪክ።»

«እጁ የማን ነው?» አለች ኢንስፔክተሯ ቀስ ብላ።

«አምባሩን አያዩትም? የመዳብ አምባር ነው፤ የእታ...»

አፌን ያዝኩ። ምላስ አጥንት የለውም ይባላል፤ የእኔው ግን አጥንት ይሰብራል።

እህቴ ከዘፋኙ ኋላ ቆማለች። መቼ እንደመጣች አላየሁም። የእጇን አምባር በሌላው እጇ ሸፈነችው። አልጮኸችም፣ አልማለችም። ብቻ አየችኝ። ከዚያ ኢንስፔክተሯ «እስቲ አብረን እንሂድ» ስትላት ቦርሳዋን አንስታ ተከተለቻት።

ጋሽ ቁረጥ ትከሻዬን አቀፈኝ። «አይዞሽ፤ አንቺ ያየሽውን ነው የተናገርሽው። ዓይን አይዋሽም።»

ደረቱ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። የሽቶው ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ።

*

በማግስቱ ኢንስፔክተሯ ቢሮዋ አስጠራችኝ። እህቴን ላያት ነው ብዬ ልብሷንና ሳሙናዋን በፌስታል ይዤ ሄድኩ።

«እሱን አስቀምጪው» አለችኝ። «ቁጭ በይ። እህትሽ አልሰረቀችም።»

«እንዴት ያውቃሉ?»

«ማታ የት እንደነበረች ትናንት ግቢ ውስጥ ነገረችኝ። አብረዋት የነበሩትን ሁሉ ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ሥራው ካለቀ ጀምሮ ከዓይናቸው አልጠፋችም።»

ከወንበሬ ተነሣሁ። «ታዲያ ለምን ይዘዋት ሄዱ?»

«አልያዝኳትም፤ እሷው ፈቅዳ ከእኔ እህት ጋር አድራለች። አንድ ሰው ‹ተሳካልኝ› ብሎ እንዲተኛ ፈልጌ ነው። አሁን ሥራ አለን። እህትሽ ካልሰረቀች ይሄ ቪዲዮ ይዋሻል። እኔ ክሊፕ አላውቅም፤ እንዴት እንደሚዋሽ ንገሪኝ።»

ኮምፒዩተሩን ወደ እኔ አዞረችው። አየሁት። ደግሜ አየሁት። አምባሩ አምባሯ ነው፤ እጁ እጇ ነው።

«አንድ የሞኝ ጥያቄ ልጠይቅሽ» አለች። «እህትሽና ዲስኩ አብረው የሚታዩት የቱ ላይ ነው?»

«ይኸው እዚህ...» ብዬ ጣቴን ዘረጋሁ። ጣቴ አየር ላይ ቀረ።

የትም። እህቴ የምታይበት አለ። እጅ የሚያነሣበት አለ። ሁለቱን ያገናኘኋቸው እኔ ነኝ። ሰውዬ ሲያይ፤ ቁረጪ፤ ዳቦ። ስንት ጊዜ ነው የሰማሁት? ስንት ጊዜ ነው ሰው ፊት የተመጻደቅኩበት?

የእጁን ሾት ብቻ አቁሜ ቀስ አድርጌ አስኬድኩት። ያኔ ነው ያየሁት። እጇ ላይ ያረፈው ብርሃን ይንቀጠቀጣል። የላይኛው ክፍል መብራት ከኮርኒስ የሚወርድ፣ ንቅንቅ የማይል ነጭ ብርሃን ነው። ይሄ ግን ከታች ወደ ላይ የሚመጣ፣ ብርማ፣ እንደ ውሃ የሚርገበገብ ብርሃን ነው።

«ይሄ እኔ ነኝ» አልኩ።

«ምንሽ?»

«ክንዴ ነው። ሪፍሌክተሩን ብዙ ስይዝ ክንዴ ይንቀጠቀጣል። ይሄ ቀን የቀረጽነው ነው! ሚስቲቱ ከቤት ስትጠፋ ከመሳቢያ የጌጧን ሣጥን ታነሣለች፤ ጥቁር ትንሽ ሣጥን ናት። ጠረጴዛውን ለቀረጻው ወደ ታች አውርደነው ነበር፤ እኛ ቤት አንድ ዕቃ ሦስት ቦታ ነው የሚሠራው። ዕቃ ስንጠቀልልማ ሪፍሌክተሬን አጣጥፌ ከረጢቱ ውስጥ ከትቼዋለሁ! እጇ የያዘው ዲስኳን አይደለም፤ ሣጥኗን ነው!» ጣቴን ሥዕሉ ላይ ተከልኩ። «ይሄን ያገጣጠመው ሰው አውቆ ነው።»

«ያገጣጠመው ማን ነው?»

ኮምፒዩተሩን ወደ እሷ መልሼ አዞርኩት።

«አያደርገውም» አልኩ። «የራሱ ሥራ እኮ ነው! ሰው የራሱን ክሊፕ ለምን ይሰርቃል?»

«እሱንም አንቺው ነሽ የነገርሽኝ። ቀስ ብሎ የሚንሳፈፈው ሥዕል ሲቀረጽ ዘፈኑ እንደ አይጥ ይሮጣል አላልሽኝም?»

«አዎ።»

«ጣራው ላይ ደግሞ ሁላችሁም አብራችሁ ስትዘፍኑ ነበር። እስቲ ንገሪኝ፤ ከአይጥ ጋር እንዴት ነው የሚዘፈነው?»

እንደ አይጥ አልነበረም። ደስ የሚል ነበር፤ ደስ ያለን ለዚህ ነው። ጋሽ ቁረጥ ዘፈኑን ማፍጠን ረስቶት ነበር። ጀማሪ የማይሳሳተውን ተሳስቶ፣ ሁላችንም እየዘፈንን አለፍን፤ የሁላችንም ጆሮ ጭፈራ ላይ ነበር። እኔ ባለ ዩኒቨርሲቲዋ ደግሞ ከሁሉም በላይ እጮህ ነበር።

*

ኢንስፔክተሯ ወደ ኤዲት ክፍሉ ይዛኝ ተመለሰችና በአንድ ጥያቄ ጀመረች።

«የጣራውን ዘፈን ሲቀርጹ በምን ፍጥነት ከፈቱት?»

«በእጥፍ ነዋ» አለ ጋሽ ቁረጥ። «ሌላ መንገድ የለውም።»

«እባክዎ ይክፈቱልኝ። ሪሞት ደግሞ ጣራው ላይ እንደዘፈነችው ትዝፈን።»

አየኝ። ከዚያ ከፈተው። አይጧ ሠርጓን ጀመረች፤ ጪጪጪጪ። እኔ አፌን ከፈትኩ፤ አንዱን ቃል ሳልጨርስ ዘፈኑ ጥሎኝ ሄደ። ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ እንወድቅ ነበር። ማንም አልሳቀም። ደግሜ ሞከርኩ። እንባዬ አፌ ውስጥ ገባ።

«ዝጋው ጋሼ» አልኩት።

ዘጋው።

«ማታ ብቻዬን ሆኜ አየሁት» አለ። «አፉ እንደሚያመነዥክ በሬ ነው፤ ዘፈኑ ሌላ፣ አፉ ሌላ። ያን ጠዋት በሁላችሁ ፊት ‹አበላሽተሃል› ብሎኝ ነበር። ይሄን ቢያይ ማን ዳግም ካሜራ ይሰጠኛል? የተሰረቀበት ሰው ይታዘንለታል፤ የተሳሳተ ሰው ይሳቅበታል።»

«አባባስ?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ዲስኩን ይዤ ስወርድ ደረጃው ላይ አገኙኝ። ‹አለቃዬ፣ በዚህ ሰዓት ምን ይዘህ ነው?› ብለው ክንዴን ያዙኝ። አስለቀቅኩ። አልመታኋቸውም፤ አስለቀቅኩ ብቻ። ወደቁ።»

«ትተዋቸው ሄዱ?»

ፊቱን ወደ ኮምፒዩተሩ አዞረ። ያ ነው የከፋኝ። አባባ በየቀኑ «አለቃዬ» እያሉ በር የሚከፍቱለት ሰው፣ ደማቸው ሲፈስ ተራምዷቸው ሄዷል።

ዲስኳ ከዚያው ክፍል ግድግዳ ላይ ወጣች፤ ፖሊስ ፈትሾ ከሄደ በኋላ መልሶ አምጥቶ፣ ድምፅ እንዳያስተጋባ ከተለጠፈው ስፖንጅ ኋላ ደብቋታል። «ለምን አላጠፏትም?» ብላ ኢንስፔክተሯ ስትጠይቀው፣ «እጄ እንቢ አለኝ» አለ። የገዛ ሥዕሉን ማጥፋት አቃተው። የእህቴን ስም ማጥፋት ግን አላቃተውም።

ሲወስዱት በር ላይ ቆሜ መንገዱን ዘጋሁ።

«እታለም ምን አድርጋህ ነው? ለምን እሷን?»

«እጇ ስልኬ ውስጥ ስለነበር ነው» አለ። እንዲህ ቀላል። «ለፖሊስ ብዬ አልቆረጥኩትም፣ ሪሞት። ፖሊስ ስለ ክሊፕ ምን ያውቃል? ለአንቺ ነው የቆረጥኩት። የዓይኑን አቅጣጫ፣ የእጁን አቅጣጫ፣ ካሜራው ሲጠጋ... ያስተማርኩሽን አንድ በአንድ ደርድሬ ነው የሰጠሁሽ። የገዛ እህቷ ‹እሷ ናት› ካለች ሌላው ምን ይከራከራል?»

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል እሰማ ነበር። ማንም ያልነገረኝ፣ ፈረሱ የሚጥላችሁ ራሳችሁ በሰጣችሁት ልጓም መሆኑን ነው። መጽሐፍ እንደሚያነብ ሰው አንብቦኛል። የት ላይ እንደምጮህ፣ የት ላይ «መልሱት» እንደምል፣ ማን ፊት ደረቴን እንደምነፋ ሁሉንም ያውቃል። እኔ ግን ከአጠገቡ ቆሜ ብርሃን ስይዝለት የኖርኩትን ሰው ፊቱን አንድ ቀን እንኳ አላየሁትም።

*

እህቴን ቃሏን ሰጥታ ስትወጣ ከጣቢያው በር ላይ ጠበቅኳት። ኢንስፔክተሯ እስከ በሩ ሸኘቻት፤ አባባ ነቅተው ውሃ መጠየቃቸውን ነገረችን፤ ለእኔም አንድ ከረሜላ ሰጠችኝ። የማዕረጉን ነገር ግን አላነሣችውም።

እህቴ ፌስታሏን ተቀብላኝ መንገድ ጀመረች። ከኋላ ከኋላዋ ሮጥኩ።

«እታለም፣ ብርሃኑን ያወቅኩት እኮ እኔ ነኝ! እኔ ባልኖር ኖሮ...»

ዞር ብላ አየችኝ። ቀሪውን ዋጥኩት።

ጥቂት ሄድን። አንድ የቆመ አውቶቡስ አለፍን፤ ሾፌሩ መሪው ላይ ተኝቷል።

«የት ነበርሽ ግን?» አልኳት።

«ልምምድ ላይ። ሌላ የዳንስ ቡድን አለ። በየአገሩ እየዞሩ ሊያሳዩ ነው፤ እኔንም መረጡኝ።»

«ልትሄጂ ነው?»

«ልሄድ ነው።»

«ለእኔ ሳትነግሪኝ?»

«ነገሩ ሳያልቅ ብነግርሽ ሠፈሩ ሁሉ አውርቶት ጋሽ ቁረጥ ጆሮ ይደርስ ነበር። አውቅሻለሁ።»

ይሄም አንድ ነገር ነው። አንድ አልጋ ላይ እየተኛን፣ ሻንጣዋን በሆዷ ስታዘጋጅ ከርማለች። ለመናደድ አፌን ከፈትኩ፤ ግን የምናደድበት አቅም አጣሁ። የቀረችኝ እሷ ብቻ ናት። ሮጬ ፊቷ ቆምኩ።

«ይዘሽኝ ሂጂ» አልኩ። «ሻንጣ እሸከማለሁ። ልብስ እተኩሳለሁ። መድረክ ላይ መብራት እይዛለሁ፤ ክንዴ አይንቀጠቀጥም፣ በእናታችን! ብቻ እዚህ ጥለሽኝ አትሂጂ፣ እታለም።»

ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። ልትስቅም ልታለቅስም ያለች መሰለኝ። ሁለቱንም አላደረገችም።

«ይዤሽ ሄጄ? እዚያም ለፖሊስ ልትሰጪኝ?»